ሰጠ ወይስ ሸጠ? ሞኒተር ልትገዛ ላሰበችው አንባቢያችን

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ቀን ቀን ፍርድ ቤት አካባቢ ባለች የጽሕፈት ሱቅ እሠራለሁ። አቤቱታ፣ ውል፣ የተማሪ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ማታ ደግሞ የተረፈውን ቤት ወስጄ በራሴ ላፕቶፕ እጨርሳለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ አንገቴ እየያዘኝ ጠዋት መዞር ያቅተኛል። ዓይኔንም ያቃጥለኛል። ሞኒተር ልገዛ ብዬ ብር አጠራቅሜ ሱቅ ስሄድ ሁለት አሳዩኝ። አንዱ አዲስ ነው፤ ባለ 27 ኢንች፣ ጎበጥ ያለ፣ 165 ኸርዝ የሚሉት የጌም ሞኒተር። ሌላው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ባለ 24 ነው፤ ዋጋው የአዲሱን ግማሽ አይሞላም። ወንድሜ ‹ያገለገለ ምን ያደርግልሻል፣ ትልቁን ግዢ› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ሳሎን ባለ 32 ቴሌቪዥን ተቀምጦ ለምን ብር ታወጪያለሽ› ትላለች። ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ወደ ጣና ያያል። የመብራቱን ነገር እርስዎም ያውቁታል። ምን ይመክሩኛል?»

እናት ዓለም፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ሞኒተር ነው፤ የታመመው ግን አንገትሽ ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ብርሽ ከኪስሽ ሳይወጣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ሳንቲም አያስወጣሽም።

ጽሕፈት ሱቅ የምትሠሪ ልጅ መቼም ደስታ ወረቀት አታጪም። ሁለት ያልተከፈተ ደስታ ደርበሽ ላፕቶፑን ከላዩ አስቀምጪው። አንዱ ደስታ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስክሪኑ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። ሦስተኛ ካለሽ ጨምሪ። ከዚያ ኪቦርድና ማውስ ከሥራ ቦታሽ ተዋሺና ሰክተሽ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ ሦስት ማታ ሥሪ። አንገትሽ ትንሽ ለቀቅ ካደረገሽ በሽታው ታወቀ። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ ተጣብቀው የተፈጠሩ ናቸው፤ እጅሽ ሲመቸው አንገትሽ ይጎነበሳል፣ አንገትሽ ሲመቸው እጅሽ ይሰቀላል። ሞኒተር ከሁሉ በፊት የሚጠቅምሽ እነዚህን ሁለቱን ስለሚያፋታልሽ ነው። የትልቅነቱ ነገር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሦስት ማታ ሠርተሽ ምንም ለውጥ ከሌለው፣ በተለይ እጅሽን የሚያደነዝዝሽ ከሆነ፣ ሱቁን ተይውና ሐኪም ጋ ሂጂ። እግረ መንገድሽን ዓይንሽንም ታዪ። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው እኮ ሳይታወቀው አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጎ ነው የሚውለው።

አሁን ወደ ሞኒተሩ።

ከእናትሽ ልጀምር፤ ክፉ አላሰቡም። ግን ቴሌቪዥን ሦስት ሜትር ርቆ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ዕቃ ነው። ስክሪን ማለት እንደ ቀሚስ ጥልፍ አድርገሽ አስቢው። ነጥብ በነጥብ ተሰክቶ ነው ሥዕሉ የሚወጣው፤ ባለሙያዎቹ ነጥቧን ፒክስል ይሏታል። ክሩ በወፈረ ቁጥር ጥልፉ ሻካራ ይሆናል። ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ወደ ጎን 1366፣ ወደ ታች 768 ነጥብ ብቻ ነው ያላቸው። ያን ያህል ስፋት ላይ ይህች ነጥብ ስትበተን አንዷ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ከክንድሽ ርቀት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር በዓይን ይታያል! ፊደሉ ሁሉ ጥርስ ያወጣል። አንዳንዱ ቴሌቪዥን ደግሞ የሥዕሉን ጠርዝ ዙሪያውን ይቆርጠዋል፤ ከታች ያለው የዊንዶውስ መስመር ግማሹ ይጠፋል። ለጊዜው ለመሞከር ይሆናል። ውል ለመጻፍ ግን አይሆንም።

ወንድምሽ ደግሞ ትልቁን አለ። እስኪ እሱንም እንቁጠረው። ባለ 24 የሚባለው በትክክል ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ 23.8 ኢንች ነው። የተለመደው 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ነው፤ ሲባዛ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ አለፍ ይላል። አንዷ ነጥብ 0.27 ሚሊ ሜትር ናት። ያንኑ 1920 በ1080 ወስደሽ 27 ኢንች ላይ ብትዘረጊው ነጥቧ 0.31 ትሆናለች። ይህ ማለት ትልቁ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ እንኳ ተጨማሪ አይገባልሽም። ያው ገጽ ነው፣ ክሩ ወፍሮ። ባለ 27 ኢንች የሚያምረው 2560 በ1440 ሲሆን ነው፤ ያኔ ነጥቧ 0.23 ትደርስና ጽሑፉ እንደታተመ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ የሱቁን ልጅ ስንት ኢንች ነው ብለሽ አትለፊው። ስንት በስንት ነው በይው። ‹ፉል ኤችዲ› ካለሽ 1920 በ1080 ነው፤ ባለ 27ቱን እዚያው ተይው።

ይህን ያህል ስለ ነጥብ የማወራሽ አውርቼ ስለማልጠግብ አይደለም። በአማርኛ ስለምትጽፊ ነው። የፈረንጅ ፊደል ትንሽ ቢደበዝዝም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን አንዱ ከሌላው የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ ልዩነታቸው አናት ላይ ያለች ሰረዝ ናት። ሊ እና ሌ የሚለያዩት እግር ሥር ባለች መስመርና ቀለበት ነው። በ12 መጠን ስትጽፊ ያቺ የሸ ሰረዝ የሚደርሳት አንድ ወይ ሁለት ነጥብ ነው። ስክሪኑ ትንሽ ከደበዘዘ ሰረዟ ከአናቱ ጋር ትቀላቀላለች፣ የሌ ቀለበት ይደፈናል።

እኔ ራሴ ድሮ በጽሕፈት ሥራ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ያኔ የነበረኝ ሞኒተር በዚያች ሰማያዊ ባለ ብዙ እሾህ ገመድ የሚሰካ ነበር፤ ቪጂኤ የሚሏት። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣት ናት፤ ከአንቺ ዕድሜ ትበልጣለች። የነጥቡ ልክም ተሳስቶ ኖሮ ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ነበር የሚታየኝ። አንድ ቀን የቤት ሽያጭ ውል ጻፍኩ። ሻጩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ዞሩና እጃቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። መሐል ላይ ቆም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ መች ሰጠሁ? ሸጥሁ እንጂ!» አሉኝ። ባየው ‹ቤቱን ሰጠ› ይላል። ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው ያተምኩት እኮ! ያቺ ሰረዝ ስክሪኑ ላይ ትኑር አትኑር አይታየኝም ነበር። ገዢው ሳቀ፣ እማኞቹም ሳቁ። እኔ ግን ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ለዚህ ነው ለአንቺ ሥራ ሞኒተር ማለት ሸን ከሰ የሚለይ ዕቃ ነው የምልሽ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

165 ኸርዝ ማለት ሥዕሉ በሰከንድ 165 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ጌም ለሚጫወት ልጅ ጥሩ ነው፤ እውነት ነው ልዩነት አለው። አቤቱታ ግን አይሮጥም። የተለመደው 60 ይበቃሻል፣ 75 ከሆነ ደግሞ እሰየው። ጎባጣውንም እኔ አልወደውም። ሠንጠረዥ ስትሠሪ ቀጥ ያለው መስመር ጎበጥ ያለ ይመስልሻል፣ ከዚያ ማስመሪያ አንስተሽ ስክሪን ትለኪያለሽ። የሚወደው አለ፤ ብር ከተረፈሽ ለወንድምሽ ግዢለት።

እንግዲህ ያገለገለው ባለ 24 ቀረ። እኔ የምመርጥልሽ እሱን ነው። ስትጽፊልኝ የሞዴሉን ስም አልነገርሽኝም እንጂ ከቢሮ የሚወጡት ሞኒተሮች፣ ገበያው ስላሽ የሚላቸው፣ አንድ የማይታይ ጥቅም አላቸው። እግራቸው! ርካሽ አዲስ ሞኒተር እግሩ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ወደ ኋላ ትንሽ ይንጋለላል፣ በቃ። የቢሮዎቹ ግን ለሠራተኛ ጤና ታስበው ስለሚሠሩ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይዞራሉ፣ አንዳንዶቹ እንደ ወረቀት በቁማቸው ይቆማሉ። ዴል ፒ2419ኤች የሚባለውን ለምሳሌ አውቀዋለሁ፤ ይህን ሁሉ ያደርጋል። የታመመው አንገትሽ አይደል? ታዲያ የምትገዢው እግሩን ነው በይኛ።

ዋጋ አልጽፍልሽም። ይህን እስክታነቢ ተለውጦ ያገኝሻል።

ሱቅ ስትሄጂ ሁለት ነገር ይዘሽ ሂጂ። አንድ ላፕቶፕሽን፣ ሁለት አንድ ቅጠል ኤ4 ወረቀት። ወረቀቱን ምን ታደርጊዋለሽ መሰለሽ፣ ስክሪኑ ላይ በቁሙ ታስጠጊዋለሽ። የባለ 24 ስክሪን ቁመት ከጠርዝ ጠርዝ 29.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ኤ4 ደግሞ 29.7። ልክክ! ወደ ጎን ሁለት ቅጠል ደርድረሽ አሥር ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። የጥናታዊ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ከፍተሽ ከሞላ ጎደል በእውነተኛ መጠኑ ታያለሽ ማለት ነው። ይህን ስታዪ ወንድምሽም ዝም ይላል።

ላፕቶፑን ሰክተሽ፣ ከታች እንደምነግርሽ ልኩን አስተካክለሽ፣ ማይክሮሶፍት ወርድን ክፈቺ። በ12 መጠን ሰጠ ሸጠ፣ ገና ገኛ፣ ሊላ ሌላ ብለሽ ጻፊ። ትርጉም ባይኖረውም ግድ የለም፣ የሱቁ ልጅ ይደነቅ። ተቀምጠሽ ከክንድሽ ርቀት እዪው። ከዚያ ወርዱን ባዶ ነጭ ገጽ አድርገሽ ስክሪኑን ሙሉ አስይዢው። ነጩ አንድ ዓይነት ነጭ ነው ወይስ ጥጉ ቢጫ ሆኗል? የሞተች ጥቁር ነጥብ አለች? ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ሥዕል ክፈቺ፤ በጠርዙ ብርሃን እንደ ጨረቃ የሚፈስ ከሆነ፣ ትንሽ ከሆነ ይለፍ፣ ብዙ ከሆነ ዋጋ ተከራከሪበት። ከተቀመጥሽበት ዝቅ ብለሽ ከሥር ወደ ላይ እዪው። ሥዕሉ ከጠቆረ ወይም ቀለሙ ከተገለበጠ ቲኤን የሚባለው ርካሽ ዓይነት ነው፣ ተይው። አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከየትም ብታዪው ቀለሙ እምብዛም አይለወጥም።

ከኋላው ደግሞ ሦስት ነገር። ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ይኑረው፤ ሰማያዊዋን ገመድ በጭራሽ እንዳትቀበዪ፣ ታሪኬን ነግሬሻለሁ። ተለጥፎ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ 100–240 ቮልት ይላል? ከአሜሪካ የመጣ ቢሆንም እንዲህ ካለ በእኛ 220 ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይሠራል፣ የሶኬቱን ጫፍ መለወጥ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የመብራት ገመዱ ተራው የኮምፒውተር ገመድ ይሁን። አንዳንድ ሞኒተር እንደ ላፕቶፕ የራሱ ቻርጀር አለው፤ የተቃጠለ ቀን እሱን ፍለጋ ከተማውን ትዞሪያለሽ።

ከገዛሽ በኋላ በባጃጅ ነው የምትወስጂው መቼም። እግሩን አስፈቺው። ስክሪኑን ወደ ላይም ወደ ታችም አድርገሽ አታስተኚው። አቁመሽ፣ ፊቱን ወደ ወንበሩ መደገፊያ አዙረሽ፣ በመሐል ጋቢ ወይ ነጠላ አድርገሽ፣ በሁለት እጅሽ ያዢው። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርስ ሹፌሩን ቀስ በልልኝ በይው። አይሰማሽም፣ ግን በይው።

ቤት ደረስሽ። አሁን ነው ዋናው ሥራ፤ ሰው ሁሉ ግን እዚህ ሲደርስ ደክሞት ከሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጣል ያደርገዋል።

ጠረጴዛሽን ከመስኮቱ ሥር አንሺው። ከተማችን ከጣና በስተ ደቡብ ስለሆነች ሐይቁን የሚያይ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ይህ ዕድል ነው፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ካለው ጊዜ ጠዋትና ማታ በቀር ፀሐይ ቀጥታ አትገባብሽም። ችግሩ ራሱ ሐይቁ ነው። ረፋድ ላይ ጣና ተኝቶ እንደ መስታወት ሲያበራ መስኮቱ ሙሉ ነጭ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ያን ሁሉ ብርሃን ፊት ለፊት እያየሽ ከፊቱ የተቀመጠ ደብዛዛ ስክሪን ታነቢያለሽ። ዓይንሽን ያቃጠለሽ ይህም ሊሆን ይችላል። ጀርባሽን ለመስኮቱ ከሰጠሽ ደግሞ ሐይቁም አንቺም ስክሪኑ ላይ ትታያላችሁ። መፍትሔው ጠረጴዛውን ማዞር ነው፦ መስኮቱ በግራሽ ወይ በቀኝሽ ጎን ይሁን። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ካልተዞረ ሰሌን መስኮቱ ላይ ስቀዪ፤ መጋረጃም ይሆናል። የማታዋ አምፑልም ከኋላሽ ተንጠልጥላ ስክሪኑ ላይ እንዳታበራ።

ርቀቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ይሁን፤ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ቁመቱን ደግሞ እንዲህ ለኪው። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪና ፊት ለፊት እዪ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ዓይንሽ ጋ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከዓይንሽ ከፍ ካለ ቀና ብለሽ ስታዪ ትውያለሽ፤ ያኔ ደግሞ ማጅራትሽ ነው የሚጮኸው። የላይኛው ጠርዝ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ይበል። ወንበርሽ የፕላስቲክ ከሆነ ትራስ ጨምሪበት፣ እግርሽ ከመሬት ከተነሣ ሥሩ አንድ ደስታ ወረቀት አኑሪ። ለደስታ ሥራ አጣንለት እንዳትይ።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር ግን አለ። የእጅ ጽሑፉን፣ ረቂቁን ማለቴ ነው፣ የት አስቀምጠሽ ነው የምትገለብጪው? በግራሽ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ ከሆነ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው፣ በሰዓት ስንት መቶ ጊዜ አንገትሽ ወደ ግራ ወርዶ እንደሚመለስ አስቢው። የዓለም ምርጥ ሞኒተር ይህን አያድንሽም። ረቂቁን በማስያዣ ሰሌዳ ላይ ቆንጥጠሽ አቁሚው፣ ከስክሪኑ ጎን፣ በተመሳሳይ ርቀትና ቁመት። ዓይንሽ ብቻ ይመላለስ። እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ትሰሚኛለሽ ብባል ይህችን ነበር የምመርጠው።

አሁን ሰክተሽ አብሪው። ልክ እንደበራ የላፕቶፑ ሥዕል ሞኒተሩ ላይ ይመጣና «ምነው ይህ ነገር ጭጋግ ለበሰ?» ትያለሽ። ሱቅ ሄደሽ አትጣዪ። ዊንዶውስ ሁለቱን ስክሪን አንድ ዓይነት ሥዕል አሳይ ሲባል ብዙ ጊዜ በዝቅተኛው ልክ ያስማማቸዋል። ላፕቶፕሽ 1366 በ768 ከሆነ ሞኒተሩንም ወደዚያ ይጎትተዋል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘሽ የፒ (P) ፊደልን ተጫኚና ዱፕሊኬት የሚለውን ትተሽ ኤክስቴንድ በዪ። ከዚያ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ገብተሽ የሞኒተሩን ልክ ሬኮመንድድ የሚል የተጻፈበት ላይ አድርጊ፤ 1920 በ1080 መሆኑን እዪ። እዚያው ሁለት ሳጥን ታገኛለሽ፣ 1 እና 2 የተጻፈባቸው። እንደ ጠረጴዛሽ አቀማመጥ ጎትተሽ ደርድሪያቸው፤ አለዚያ ማውስሽ በቀኝ ወጥቶ በግራ ይገባል። ፊደሉ አሁንም ሻካራ ከሆነብሽ ክሊርታይፕ የሚባለውን ከመፈለጊያው ጠርተሽ አምስት ጊዜ ያህል «የቱ ይሻልሻል» ሲልሽ መልሺለት።

ኒያላ የምትጠቀሚ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ፊደል ማለት ነው፣ መስመሩ ቀጭን ነው። ስትጽፊ ገጹን ወደ 130 በመቶ አጉዪው፤ የሚታተመው መጠን አይለወጥም፣ ለዓይንሽ ብቻ ነው።

ብርሃኑን ደግሞ ቀንሺ። ሞኒተር ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ባደመቀው ልክ ነው የሚመጣው፤ ለሱቅ እንጂ ለቤት አይሆንም። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዢ። ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ስክሪኑ ግን አምፑል ከመሰለሽ ዝቅ አድርጊው፣ ሁለቱ እስኪመሳሰሉ። ማታ እንደገና ዝቅ። በየ20 ደቂቃው ደግሞ ለ20 ሰከንድ ያህል ከ6 ሜትር በላይ ራቅ ያለ ነገር እዪ ይላሉ የዓይን ሐኪሞች። አንቺ ጣና አለሽ! ሌላው ሰው ግድግዳ ነው የሚያየው። ታንኳ ፈልጊና እስክትርቅ ተከተያት።

ወደ መብራቱ ልምጣ። ላፕቶፕሽ ባትሪ አለው፣ ሞኒተሩ የለውም። መብራት ሲሄድ ሥራሽ አይጠፋም፣ ስክሪኑ ብቻ ይጠቁራል፤ ኤክስቴንድ ላይ ያለው ሁሉ ብዙ ጊዜ ወደ ላፕቶፑ ይሰበሰባል። ስለዚህ የላፕቶፑን ክዳን ክፍት አድርገሽ ሥሪ። ባለ 24 ሞኒተር የሚበላው 25 ዋት አካባቢ ነው፣ ትንሽ አምፑል በይው። ዩፒኤስ የሚሉት፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን አለ፤ ባትሪው ጤነኛ የሆነ ትንሹ ይህን ብቻ ቢሸከም ከግማሽ ሰዓት በላይ ያቆይሻል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ከዩፒኤሱ ላይ እንዳትሰኪ፤ ሲሞቅ የሚስበው ብዙ ስለሆነ ወዲያው ያጠፋዋል። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ነው ዕቃ የሚቃጠለው፣ ስለዚህ ከግድግዳው ንቀዪው፣ መጥቶ እስኪረጋ ጠብቂ። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ሰማዩ ከጣና ማዶ ጠቁሮ ማጉረምረም ሲጀምር የሞኒተሩንም የላፕቶፑንም ንቀዪ። ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ ከሶኬቱ ይውጣ።

ለማጽዳት የመነጽር ጨርቅ፣ በትንሽ ውኃ ረጠብ ያለ፣ አጥፍተሽ። ሶፍት ይቧጭራል፣ አልኮል ልባሱን ያነሣል።

የመጨረሻዋ የሐይቅ ዳር ሰው ብቻ የሚያውቃት ናት። አመሻሽ ላይ መስኮት ከፍተሽ ስትሠሪ ትንኙ ብርሃን አይቶ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ደማቁ ነገር ስክሪንሽ ከሆነ እሱ ላይ ነው የሚሰፍረው። ደቃቆቹ አንዳንዴ በጠርዙ ሾልከው ከመስታወቱ ኋላ ይገባሉ። እንዲህ ያለ ከገባብሽ በጣትሽ እንዳትጫኚ! ሞኒተሩን አጥፊ፣ ክፍሉን አጨልሚ፣ ሌላ መብራት ራቅ አድርገሽ አብሪ፤ ዕድል ካለሽ በገባበት ይወጣል። እኔ አልታገሥኩም። ጫንኩት፣ እዚያው ቀረ። በስክሪኔ ቀኝ በኩል ከላይ ዛሬም አለ። ውል በከፈትኩ ቁጥር የተረፈ ነጥብ እየመሰለኝ ማውሱን ወስጄ ላጠፋው እሞክራለሁ።